ኮርማ ላይ 2.7 ሰከንድ፦ ስለ አንድ የካንትሪ ዘፈን ለቀረበ ወቀሳ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄ ጽሑፍ አንተን ነው የሚነካው» ብሎ በቴሌግራም ላከልኝ። ትራክ ስቶፕ (የከባድ መኪና ማረፊያ) ላይ ቆሜ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ የያዝኩት ሻይ ቀዝቅዞ ነበር።

ጽሑፉ ስለ አንድ ዘፈን ነው። ቲም ማግሮ የሚባለው የካንትሪ (የአሜሪካ ባላገር ሙዚቃ) ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «ላይቭ ላይክ ዩ ዌር ዳይንግ»፤ ወደ እኛ ስናመጣው «እንደሚሞት ሰው ኑር» ማለት ነው። ታሪኩ አጭር ነው። በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ክፉ የሕመም ዜና ይነገረዋል። ሌላ ሰው ደግሞ «እንዲህ ያለ ወሬ ሲነገርህ ምን አደረግህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የቀረው ዘፈን መልሱ ነው።

ጸሐፊው እዚሁ አሜሪካ ያለ ወንድማችን ነው፤ ብዕሩም ጥሩ ነው። ግን ዘፈኑን በአምስት ክስ አቁሞታል። አንደኛ፣ የሀብታም መዝናኛ ዝርዝር ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ካንትሪ ጥቁር የማይወዱ ሰዎች ሙዚቃ ስለሆነ እኛን አያገባንም። ሦስተኛ፣ ሞትን እያሰቡ መኖር ሟርት ነው። አራተኛ፣ ይህን ዘፈን ከልቡ የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። አምስተኛ፣ ሕመም እንደዚህ አያምርም፤ ዘፈኑ ይዋሻል።

እኔ ናሽቪል ነው የምኖረው። ከባድ መኪና እነዳለሁ። ይህን ዘፈን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ሜምፊስ ስሄድ እሰማዋለሁ፣ ስመለስም እሰማዋለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

«የሀብታም መዝናኛ» ከሚለው ልጀምር። በአዝማቹ ውስጥ ሰውየው ያደረጋቸውን ስድስት ነገሮች ይቆጥራል። ከሰማይ ዘለልኩ፤ ሮኪ ተራሮችን ወጣሁ፤ ፉ ማንቹ የሚባል ኮርማ ላይ 2.7 ሰከንድ ቆየሁ። ወንድሜ እዚህ ጋ ሬዲዮውን ያጠፋው ይመስለኛል። ምክንያቱም ቀጥሎ ያሉትን ሦስቱን አንዴ እንኳን አላነሳቸውም። ከበፊቱ ይልቅ አጥብቄ ወደድኩ፤ ለስለስ ብዬ ተናገርኩ፤ ነፍጌው የቆየሁትን ይቅርታ ሰጠሁ። ለፊተኞቹ ሦስት ገንዘብና ጉልበት ያስፈልጋል። ለኋለኞቹ ሦስት አምስት ሳንቲም አይጠየቅም። ደግሞ ከአውሮፕላን መዝለሉ ይሻላል የሚያሰኙት እነሱ ናቸው። የማያምን ካለ የተኳረፈውን ወንድሙን ዛሬ ማታ ይደውልለትና ይሞክረው።

በኮርማው ነገር ትንሽ ልቆይ፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። እኔም መጀመሪያ ሰውየው ጀግንነቱን የሚያወራ ነበር የመሰለኝ። አንድ ቀን ዕቃ እስኪጭኑልን መጫኛው ዶክ ላይ ቆመን ስንጠብቅ፣ አንድ የኦክላሆማ ሽማግሌ ሾፌር አስረዳኝ። በሮዲዮ፣ ማለትም በኮርማ ግልቢያ ውድድር፣ ነጥብ ለማግኘት ኮርማው ጀርባ ላይ 8 ሰከንድ መቆየት አለብህ። ሰባት ሰከንድ ተኩል ብትቆይ ዜሮ ነው። 2.7 ሰከንድ ማለት ገና እጅህን ሳታመቻች መሬት ላይ ነህ። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እንግዲህ ዘፈኑ የሚመካው በመውደቅ ነው ማለት ነው። ሰውየው ወድቋል፤ የወደቀባትንም ቅጽበት እስከ ነጥቧ ቆጥሮ ይዟታል። ይሄ የሀብታም ጉራ ነው? ሀብታም የወደቀበትን ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ አለ። እዚያ ውስጥ አውሮፕላንም ተራራም የለም። ድሮ ያልሆንኩትን ባል ሆንኩ ይላል። ሰው የሚመኘው ዓይነት ጓደኛ ሆንኩ ይላል። ዓሣ ማጥመድ ድሮ እንደ ዕዳ የማየው ነገር ነበር፤ አባቴን ባጣሁበት ዓመት ግን ሦስት ጊዜ ሄድኩ ይላል።

እዚህ ላይ ቁሙ። በዘፈኑ ውስጥ ሞተ የተባለው ማን ነው? ሕመሙ የተነገረው ሰው አይደለም። እሱ ቆሞ ታሪኩን እያወራ ነው፤ ሞተ የሚል ቃል የትም የለም። የሞተው አባቱ ነው። ስንት ጊዜ ሄዱ? ሦስት። ብዙ አይደለም። ግን ቆጥሮታል።

ቲም ማግሮ ይህችን መስመር ሲዘፍን ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። ግጥሙን የጻፉት ቲም ኒኮልስና ክሬግ ዋይዝማን የሚባሉ ደራሲዎች ናቸው። ዘፋኙ ግን በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2004፣ የራሱን አባት በሞት አጥቶ ነበር። አባቱ ተግ ማግሮ የታወቀ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። የፊላዴልፊያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1980 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫ ሲወስድ የመጨረሻዋን ኳስ የወረወረው እሱ ነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አባትና ልጅነት አልነበረም። ልጁ ሉዊዚያና ውስጥ በሌላ ሰው ስም ነው ያደገው። በ11 ዓመቱ ቤት ውስጥ የልደት ወረቀቱን አገኘ። አባት በሚለው ቦታ የሰፈረው ሌላ ስም ነው። ያ ሰው ደግሞ ምስሉን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ተጫዋች ሆኖ ተገኘ። ተግ ልጁን ለዓመታት አልቀበልም ብሎ ቆየ። የተቀበለው ልጁ ለአካለ መጠን ሊደርስ ሲል ነው። በኋላ ታረቁ። አባትየው ሲታመም ያስታመመው ያው የተገፋው ልጅ ነው፤ የሞተውም እዚሁ ናሽቪል አጠገብ፣ ልጁ ቤት ነው። ነፍጌው የቆየሁትን ይቅርታ ሰጠሁ የሚለውን ቃል ይህ ሰው ሲዘፍነው፣ ወንድሜ «የመዝናኛ ዝርዝር» ብሎ ያልፈዋል። ምን ልበል?

ወደ ሁለተኛው ክስ። ካንትሪ የእነሱ ነው፣ እኛን አያገባንም።

ግማሹን እቀበላለሁ። አንዳንድ ትራክ ስቶፕ ስገባ የሚያዩኝን አስተያየት አውቀዋለሁ። ጥቁር ዘፋኞች በካንትሪ ሬዲዮ ስንት በር እንደተዘጋባቸውም የአደባባይ ምስጢር ነው። ግን ሙዚቃውን ለዘረኞች በስጦታ መስጠት ለምን አስፈለገ? ባንጆ የሚባለው መሣሪያ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት ጥበብ ነው። እዚህ ናሽቪል ላለው ዝነኛ የሬዲዮ መድረክ፣ ለግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ ይህ ስም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ስሙ በወጣበት ምሽት በሃርሞኒካ ባቡር ሲያስጮህ የነበረው ዲፎርድ ቤይሊ የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አሰናበቱት። ከዚያ በኋላ በዚሁ ከተማ ጫማ በመጥረግ ሥራ ነው የኖረው። በካንትሪ የክብር አዳራሽ ስሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ እሱ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ። ጥቁሩ ዘፋኝ ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1962 የካንትሪ ዘፈኖችን በራሱ መንገድ ተጫውቶ አልበም ሲያወጣ አገር ጉድ አለ። ጥቁሩን የካንትሪ ዘፋኝ ቻርሊ ፕራይድንማ አባቶቻችንም ያውቁታል።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ በካሴቱ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የካንትሪውን ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስን ያልሰማ ማን ነበር? ታክሲ ውስጥ ሲዘፍን «የእናንተ አይደለም» ያለን የለም። ፊድሉን፣ የካንትሪውን ቫዮሊን፣ ስሰማ ማሲንቆ ትዝ ይለኛል። እናት፣ አገር ቤት፣ የቀረ ፍቅር፣ መጠጥ፣ ጸጸት፤ የባላገር ዘፈንስ ከዚህ ሌላ ስለ ምን ያወራል? ባለቤቴ ግን በዚህ አትስማማም። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሚስቱ ሄደች፣ ውሻው ሞተ» ትላለች። ትክክል ናት፤ አንዳንዴ እንደዛ ነው።

አራተኛውን ክስ ቶሎ ልለፈው። ሥራህን ጥለህ ትሄዳለህ የሚለውን። እስካሁን አልሄድኩም። የትራኩ ክፍያ አለብኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ሕጉ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ እንዳልነዳ ይከለክለኛል እንጂ እኔማ ብዙ ጊዜ ልጨምር ባይ ነኝ። ዘፈኑ ውስጥም ሰውየው ሥራ ለቀቀ የሚል ነገር የለም። ሄዶ ስሙት።

አምስተኛው ክስ ከሁሉም ጠንከር ያለ ነው። ሕመም አያምርም ይላል ወንድሜ። መድኃኒቱ ያስመልሳል፣ ሂሳቡ ያሳብዳል፣ ሰውየው ከአልጋ መነሳት ሲያቅተው ምን ዝላይ አለ? እውነቱን ነው። ዘፈኑ ሐኪም ቤቱን በሁለት መስመር ነው የሚያልፈው። ራጅ አየን፣ ስላሉን አማራጮች ተነጋገርን፤ አለቀ። የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህች እንዳልበቃች ያውቃል። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ግን «ይዋሻል» የሚለው ቃል ከበደኝ። የዘፋኙን አባት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 የአንጎል ካንሰር ተገኘበት። በጥር 2004 ሞተ። አሥር ወር እንኳን አልሞላም፤ ዕድሜው 59 ነበር። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 መጨረሻ ላይ፣ የፊላዴልፊያ ቡድን አሮጌ ስታዲየም የመዝጊያ ቀን ነበር። ተግ በዚያ ሕመሙ ወጥቶ ሜዳው መሃል ቆመ። የ1980ውን የመጨረሻ ውርወራ እንደገና ሠራው፤ ከዚያም ያኔ እንዳደረገው በደስታ ዘለለ። ከሦስት ወር በኋላ የሚሞት ሰው ነው። ሕመሙ አምሮ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን ያን ቀን ሰውየው ውሸት አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቡድኑ ለዋንጫ ሲጫወት ደግሞ ልጁ የተቃጠለውን የአባቱን አስከሬን አመድ በእፍኙ ይዞ መጥቶ፣ አባቱ በቆመበት ዓይነት የኳስ ወርዋሪ ጉብታ ላይ በተነው። እኛ አመድ ስንባል ይዘገንነናል። ግን ነገሩ ገብቶኛል።

ሦስተኛውን ክስ ለመጨረሻ ያቆየሁት ለራሴ ስለሚከብደኝ ነው። ሞትን ማሰብ ሟርት ነው። «እኛ ባህላችን አይደለም» ይላል ጽሑፉ፤ «እኛ ተስፋ ነው የምንሰጠው»።

እንዴት ነው ባህላችን ያልሆነው? መጽሐፈ መክብብ ወደ ግብዣ ቤት ከመሄድ ወደ ልቅሶ ቤት መሄድ ይሻላል ያለው ለማን ነው? ዕድር ያለን ሕዝብ ነን እኮ። ከደመወዛችን ላይ በየወሩ ለሞት እየከፈልን፣ ሞትን አናስብም ብሎ ነገር የለም። ድንኳኑ ተቀምጧል፣ ወንበሩ ተቆጥሯል፣ የሚደውለው ሰው ታውቋል። እኛ ሞትን እናስባለን። የማናደርገው አንድ ነገር ነው፤ ለሚሞተው ሰው አንነግረውም። ሩቅ ላለው ልጁም አንነግረውም።

አባቴ ሲታመም እኔ እዚህ ነበርኩ። ሰባት ወር ነው የታመመው። በየሳምንቱ እደውል ነበር። ስልኩን የሚያነሳው ታላቅ ወንድሜ ነው። «ተኝቷል» ይለኛል። «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ይለኛል። «ጆሮው ትንሽ ደከም ብሏል፣ በስልክ አይሰማህም፤ ሰላም በልልኝ ብሏል» ይለኛል። አንድ ጊዜ ከኋላ የአባቴን ሳል ሰማሁ። «ጉንፋን ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ማመን ስለፈለግሁ ነው እንጂ እንዲያ ያለ ጉንፋን የለም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ሰዎች ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከነሱ አንዷ ፔርሙዝ ይዛለች። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ፔርሙዙ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ቡና ይዞ የሚመጣ ማን ነው? ማንም ሳይናገር ገባኝ። በኋላ ስሰማ፣ መንገድ ላይ እንዳልሆን ጭነት ከሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ጠይቀው፣ እረፍት መሆኔን አረጋግጠው ነው የመጡት። ደግ ሰዎች ናቸው። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ወጉ ይህ ነው፤ እነሱን አልወቅስም።

ወንድሜን ግን ወቀስኩት። በ14 ዓመት ውስጥ አባቴን ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው። ብትነግረኝ ሦስተኛ ይሆን ነበር አልኩት። «ሥራህ እንዳይበላሽ ብለን ነው፤ አባባም አትንገሩት ብሎ ነው» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ ገንዘብ እልክ ነበር፤ ለተዝካሩም ልኬአለሁ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም።

ለዚህ ነው የዓሣ ማጥመዷ መስመር እኔን እንደ ሌላው ሰው የማታልፈኝ። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ተነግሮታል። ራጁን አሳይተው፣ ያለውን ነገር በግልጽ አስረድተውታል። ስላወቀ ነው ሦስት ጊዜ የሄደው። ወንድሜ ጸሐፊው «ተስፋ» የሚለውን ነገር እኔ ሰባት ወር በስልክ ተሰጥቶኛል። አልጠቀመኝም።

ይህን ስል ያሳደጉን ሰዎች ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። የሚደብቁት ስለሚወዱን ነው። ወንድሜም እኮ ሰባት ወር ሙሉ አባቱን እያስታመመ፣ በየሳምንቱ ለእኔ ውሸት እየፈጠረ፣ ለብቻው ተሸክሞታል። ይህን ያሰብኩት ግን ወዲያው አይደለም። ያሰብኩት አንድ ማታ ከኖክስቪል ስመለስ፣ ዝናብ ይዞኝ፣ ያው ዘፈን በሬዲዮ ሲመጣ ነው። ይቅርታ የምትለዋ ቦታ ስትደርስ መኪናውን ወደ ትራክ ስቶፕ አስገባሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። መስታወቱን የሚጠርገው ነገር መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ሰዓቱን አላሰብኩም ነበር። እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት።

በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። «ሃሎ» እንኳን አላለም።

«ማን ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም» አልኩት።

ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ከኋላው አልጋ ሲንቋቋ፣ መብራት ሲበራ ሰማሁ። የሚስቱ ድምፅ «ምንድን ነው?» አለ።

«ማንም አልሞተም ነው የሚለው» አላት። ከዚያ ለእኔ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ በዚህ ሌሊት ለምን ደወልክ?»